ቁስሉ ድኗል፣ ጉልበቱ ገና ነው

(በአንድ የጤና ውይይት መድረክ ላይ ከተደረገ ንግግር፤ ከጥቃቅን እርማት በቀር እንዳለ የቀረበ)

ክቡራትና ክቡራን፣ አባቶቼና እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ እንደምን ዋላችሁ?

አልሰማሁም። እንደምን ዋላችሁ?

እሺ፣ አሁን ነቅታችኋል። ከምሳ በኋላ ንግግር ማድረግ የቅጣት ያህል ነው፤ ስለዚህ በጥያቄ ልጀምር። ከመቀመጫው ሲነሳ አንድም ቀን «እህህ» ብሎ የማያውቅ ሰው እዚህ አለ? እስኪ እጃችሁን አውጡ። ሁለት ሰው። ሁለቱም ገና ጢም አላበቀሉም።

ቋንቋችን ለጉልበት ስም ሲያወጣ አንድ ነገር ገብቶት ነበር እላለሁ። መገጣጠሚያውም ጉልበት ነው፣ ብርታቱም ጉልበት ነው። ጉልበት ያለው ሰው እንላለን። ጉልበቴን ጨረስኩ እንላለን። ጉልበቱ ከዳው እንላለን። እኔ የአጥንት ሐኪም ነኝ፤ እንጀራዬ ይህ ቃል ነው። ታማሚ ጉልበቱን ይዞ ሲመጣ የሚፈራው መገጣጠሚያውን ብቻ አይደለም። «አቅሜ ሄደ» ብሎ ነው የሚፈራው። ፊቱ ላይ ይታያል።

ዛሬ የተጋበዝኩት በትንንሽ ቀዳዳ ስለሚሠራ የጉልበት ካርቲሌጅ ቀዶ ሕክምና እንድናገር ነው። ሦስት ነገር ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛ፣ የሚጎዳው ነገር ራሱ ምንድን ነው? ሁለተኛ፣ በቀዳዳዋ ገብተን ምን እንሠራለን? ሦስተኛ፣ ከዚያ በኋላስ? መሀል ላይ ከመንገድ ከወጣሁ ታገሱኝ፤ እመለሳለሁ።

ወደ አንደኛው እንሂድ። ጉልበት ላይ የጭን አጥንትና የቅልጥም አጥንት ይገናኛሉ። ከፊት ደግሞ በእጃችሁ ስትዳስሷት የምትንሸራተተው ክብ አጥንት አለች። እነዚህ አጥንቶች እርስ በርስ በቀጥታ ቢፋተጉ ኖሮ አንራመድም ነበር። የማይፋተጉት ጫፋቸው በካርቲሌጅ ስለተለበጠ ነው። በመጽሐፍ ልም አጥንት የሚሉትም አሉ። እኔ ካርቲሌጅ እያልኩ እቀጥላለሁ፤ ታማሚዎቼም እንደዚያ ነው የሚሉት።

ምን ይመስላል? ነጭ ነው። ያብረቀርቃል። በመሣሪያ ጫፍ ጫን ሲሉት ትንሽ ገባ ይልና ይመለሳል። ውፍረቱ ጉልበት ላይ በአብዛኛው ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ነው። ከክብደቱ ከ65 እስከ 80 በመቶው ውሃ ነው። አስቡት፤ ደረጃ ስንወርድ ጉልበታችን ላይ የሚያርፈው ጫና የሰውነታችንን ክብደት ሦስት እጥፍ ያህላል። ያን ሁሉ የሚችለው ይህ ውሃ የጠገበ ስስ ልባስ ነው።

ከእሱ ጋር ሁለት ሜኒስከሶች አሉ፤ አንዱ በውስጥ በኩል፣ አንዱ በውጭ በኩል። እነዚህም የካርቲሌጅ ወገን ናቸው፤ ግን ጠንከር ያሉ፣ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያላቸው ትራሶች ናቸው። ኳስ ተጫዋች «ሜኒስከሴ ተቀደደ» ሲል የሚያወራው ስለነዚህ ነው። ብዙ ጊዜ የሚቀደዱት እግር መሬት ላይ ተተክሎ ሰውነት ሲዞር ነው። እግሩ ይቀራል፣ ሰውየው ይሄዳል።

ታዲያ ችግሩ የቱ ጋ ነው? ችግሩ ካርቲሌጅ የደም ሥር የለውም። ልድገመው፤ የደም ሥር የለውም! ቆዳችሁ ሲቆረጥ ደም ይፈሳል፣ ደሙ ጠጋኞቹን ይዞ ይደርሳል። ካርቲሌጅ ሲቆረጥ የሚደርስለት የለም። ምግቡን እንኳ የሚያገኘው ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ነው፤ ስንራመድ እንደ ስፖንጅ እየተጨመቀ፣ እየተለቀቀ። ነርቭም የለውም። ስለዚህ ሲጎዳ ራሱ አይጮህም፤ የሚጮኹት ጎረቤቶቹ ናቸው። ከሥሩ ያለው አጥንት ይጮሃል፣ የመገጣጠሚያው ሽፋን ይጮሃል። እነሱ እስኪጮኹ ደግሞ አንዳንዴ ብዙ ጊዜ አልፏል።

ዊልያም ሃንተር የሚባል ስኮትላንዳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1743 ለንደን ላይ ባወጣው ጽሑፍ ካርቲሌጅ አንዴ ከጠፋ አይመለስም ብሎ ነበር። ይህን ያህል ዘመን አለፈ። ሃንተር ማደንዘዣ አያውቅም፣ ራጅ አያውቅም፣ አንቲባዮቲክ አያውቅም። በዚህች በአንዷ ነገር ግን እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አላሸነፍነውም።

ሜኒስከስ ትንሽ እድለኛ ነው። የውጭ ጠርዙ ደም ያገኛል። በአዋቂ ሰው ከ10 እስከ 30 በመቶ የሚሆነው ጠርዝ ማለት ነው። የተቀደደው እዚያ ከሆነ ብንሰፋው ሊያያዝ ይችላል። ወደ መሀል ከገባ ግን እንደ ሌላው ካርቲሌጅ ነው፤ ማንም አይደርስለትም። ለዚህ ነው ሰው «ዶክተር፣ ሜኒስከሴ ተቀዷል» ሲለኝ መጀመሪያ «የቱ ጋ?» ብዬ የምጠይቀው።

ሁለተኛው ነጥብ። ድሮ የጉልበትን ውስጥ ለማየት ጉልበቱን መክፈት ግድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1918 ቶክዮ ውስጥ ኬንጂ ታካጊ የሚባል ሐኪም የሽንት ፊኛ ለማየት የተሠራ መሣሪያ ወስዶ በአስከሬን ጉልበት ውስጥ አየበት። ከፊኛ ወደ ጉልበት! እንዲህ ያለውን ሰው ባልደረቦቹ ምን ብለውት እንደሚሆን እኔ ራሴ ሐኪም ስለሆንኩ መገመት አያቅተኝም። ተማሪው ማሳኪ ዋታናቤ ሥራውን አልተወውም። መሣሪያውን እያሻሻለ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ1962 የተቀደደ ሜኒስከስ በዚሁ መንገድ ቆርጦ አወጣ። ካናዳዊው ሮበርት ጃክሰን በ1964 ወደ ቶክዮ ሄዶ ከእሱ ተማረና ሙያውን ወደ ቶሮንቶ ይዞ ተመለሰ። ዛሬ አርትሮስኮፒ የምንለው ይህንኑ ነው።

አሁን ከመንገድ ልውጣ። ይህን ነገር የማውቀው መሣሪያውን ይዤ ከላይ ቆሜ ብቻ አይደለም። ከታች ተኝቼም አውቀዋለሁ።

ከልጄ ጋር ኳስ ስንጫወት ነው። ስምንት ዓመቷ ነበር። ልታልፈኝ ስትል ዞርኩ። እግሬ አልዞረም። ጉልበቴ ውስጥ «ቀጭ» አለ፤ ወደቅኩ። ልነሳ ስል እግሬ አልዘረጋ አለኝ፤ ልክ ከውስጥ አንድ ሰው ቆልፎት ቁልፉን ይዞ እንደሄደ። ልጄ ከላዬ ቆማ «አባዬ ተነስ፣ እኔ አልነካሁህም እኮ!» ትላለች። እውነቷን ነው፣ አልነካችኝም።

ኤምአርአይ ተነሳሁ። የውስጠኛው ሜኒስከስ በርዝመቱ ተሰንጥቆ ግማሹ ወደ መሀል ተገልብጧል። በሙያችን የባልዲ እጀታ እንለዋለን፤ እንደ ባልዲ እጀታ ከዚህ ወደዚያ ይገለበጣልና። ጉልበቴን የቆለፈው እሱ ነው። ይህን ለስንቱ ሰው አስረድቻለሁ! ለራሴ ሲሆን ግን ስዕሉን አራት ጊዜ አየሁት።

የሠራችልኝ ከእኔ በዕድሜ የምታንስ ባልደረባዬ ናት። ከወገብ በታች ነው የደነዘዝኩት። «ስክሪኑን ወደ እኔ አዙሩልኝ» አልኩ። አዞሩልኝ። ከክብ አጥንቷ በታች ግራና ቀኝ ሁለት ቀዳዳ በሳች፤ እያንዳንዳቸው ከ1 ሴንቲ ሜትር ያነሱ። በአንዱ ካሜራው ገባ። ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር ነው፤ የጫፉ መስታወት በ30 ዲግሪ ስለተቀረጸ ዘንጉን በማዞር ብቻ ጓዳ ጎድጓዳው ይታያል። የጨው ውሃ ይገባል፣ ጉልበቱ ይነፋል፣ ቦታ ይፈጠራል። በሌላው ቀዳዳ መንጠቆዋ ገባች።

የራሴን ጉልበት አየሁ። ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ። አንዳንድ ቦታ ላይ ስስ ክሮች ተነስተው ውሃው ውስጥ እንደ ሣር ይወዛወዛሉ። እነሱ ዕድሜዬ ናቸው። መሀል ላይ ደግሞ የተገለበጠው ሜኒስከስ በር ላይ እንደተኛ ውሻ ተጋድሟል። በመንጠቆዋ ገፋ አደረገችው። ሾልኮ ወደ ቦታው ገባ። ያን ጊዜ ጉልበቴ ሲዘረጋ አልተሰማኝም፣ ደንዝዣለሁ፤ ግን እግሬ ሲቃና በዓይኔ አየሁ።

ከዚያ ዘወር ብላ ጠየቀችኝ። «ዶክተር፣ ልስፋው ወይስ ልቁረጠው?»

ጥያቄው ከባድ ነው። ከተቆረጠ በጥቂት ሳምንት ወደ ሥራ እመለሳለሁ። ከተሰፋ ክራንች፣ ድጋፍ፣ ወራት። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ተረኛ ነኝ። እውነቱን ልንገራችሁ? «ቁረጪው» ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«የእርስዎ ታማሚ ቢሆን ምን ይሉት ነበር?» አለችኝ።

«ይሰፋ እል ነበር።»

«እንግዲያው ዝም ብለው ይተኙ።»

ተኛሁ። ሰፋችው። ሰፍታው ነው ዛሬ እዚህ ቆሜ የማወራው።

ለምንድን ነው ይህን ያህል የምንሳሳለት? ለረጅም ጊዜ ሐኪሞች ሜኒስከስ ሲቀደድ ሙሉውን አውጥተው ይጥሉት ነበር። አያስፈልግም ተብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ፌርባንክ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ሜኒስከሳቸው የወጣላቸውን ሰዎች ራጅ አይቶ መገጣጠሚያቸው መለወጥ እንደሚጀምር ጻፈ። ትራሱ ሲወጣ ጫናው ሁሉ ካርቲሌጁ ላይ ያርፋላ! ዛሬ መመሪያችን ይህ ነው፤ የሚሰፋውን ስፋ፣ መቁረጥ ግድ ከሆነ ትንሹን ቁረጥ።

የአጥንቱ ልባስ ራሱ ሲቦረቦርስ? እዚያ ላይ ብልሃቱ ብዙ ነው። አንዱን በደንብ ልንገራችሁ፤ ደስ ስለሚለኝ ነው። ካርቲሌጅ ደም የለውም አላልንም? ስቴድማን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ «እንግዲያው ደሙን እናምጣለት» አለ። ቦታውን ጠርጎ፣ ከሥሩ ያለውን አጥንት በሹል መሣሪያ ብዙ ቦታ ወጋ ወጋ ማድረግ። ከአጥንቱ መቅን ደምና ሕዋሳት ይወጣሉ፣ ጉድጓዱ ላይ ይረጋሉ፣ ቀስ እያሉ ወደ ጠባሳ መሰል ካርቲሌጅ ይለወጣሉ። ማይክሮፍራክቸር ይባላል። ስክሪን ላይ ሲታይ ከየቀዳዳው ደም ጠብ ጠብ ሲል ምንጭ የፈለቀ ይመስላል። ጉዱ ግን፣ የሚበቅለው እንደ መጀመሪያው አይደለም። ሸካራ ነው፣ ከዓመታት በኋላ ሊደክም ይችላል። ለትንሽ ጉድጓድ ይሻላል፤ ለትልቅ አልመክረውም።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። ሃንጋሪያዊው ላስሎ ሃንጎዲ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ጫና ከማይበዛበት የጉልበት ጠርዝ ትንንሽ የአጥንትና የካርቲሌጅ ቡሽ እየነቀለ የተጎዳው ቦታ ላይ ተከለ። ስዊድኖቹ ደግሞ በ1994 ባወጡት ጽሑፍ ከታማሚው ጥቂት ካርቲሌጅ ወስደው ሕዋሳቱን በላብራቶሪ ለሳምንታት አባዝተው መልሰው እንደተከሉ አሳወቁ። ይህ ሁለት ጊዜ መተኛት ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከቀዳዳ ሰፋ ያለ ቅድ ይፈልጋል። ለወጣትና ሰፊ ጉዳት ላለው ሰው ይታሰባል። ለሁሉም ጉልበት አንድ ዓይነት ሕክምና የሚያዝ ሐኪም ካጋጠማችሁ ግን፣ ጨዋ ሁኑና አመስግናችሁ ሌላ ሐኪም ጠይቁ።

ወደ ሦስተኛው ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር። ይህች ቀዳዳ የማታስፈልገው ሰውም አለ። ምሳሌዬ አባቴ ናቸው።

አባቴ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነበር። ጉልበታቸው አርጅቷል። ራጁ ላይ በአጥንቶቹ መሀል ያለው ክፍተት ጠቧል። አንድ ቀን ቁጭ ብለው «ልጄ፣ ያቺን ካሜራህን አስገባና እጠብልኝ» አሉኝ። አይሆንም አልኩ። «ለሰው ሁሉ ትሠራለህ፣ ለአባትህ ሲሆን ደከመህ?» አሉ። ከባድ ነው! እኔም ያኔ በቁጥር ልከራከራቸው ሞከርኩ። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ የአሜሪካ ጥናት ያረጀ ጉልበት ያላቸው 180 ሰዎች ተሳትፈዋል። ለከፊሎቹ በአርትሮስኮፒ ታጥቦላቸዋል፣ ተስተካክሎላቸዋል። ለሌሎቹ ቆዳቸው ላይ ብቻ ቅድ ተደረገ፤ ከውስጥ ምንም አልተነካም። የትኛው ቡድን የተሻለው? ልዩነት የለም! በ2013 ፊንላንዶች በእርጅና በተሰነጠቀ ሜኒስከስ ላይ፣ በ146 ሰዎች ተመሳሳይ ነገር አደረጉ። ተመሳሳይ ውጤት ሆነ። በ2017 ደግሞ ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ቡድን ላረጀ ጉልበት አርትሮስኮፒ አታድርጉ ብሎ አጥብቆ መከረ።

ኤምአርአዩስ? ኤምአርአይ ሁሉን ያሳያል፤ ክፋቱም እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ ጥናት ዕድሜያቸው ከ50 በላይ የሆኑ 991 ሰዎች ተመርምረው ነበር። ሜኒስከሳቸው ተቀድዶ ከተገኘባቸው ውስጥ 61 በመቶዎቹ ባለፈው ወር ምንም የጉልበት ሕመም አልነበራቸውም። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ «ተቀዷል» የሚል ስላነበባችሁ ብቻ አልጋ አትያዙ። የሚታከመው ሰውዬው ነው እንጂ ስዕሉ አይደለም።

አባቴን የጭን ጡንቻ ስፖርት አስጀመርኳቸው። ክብደት ቀንሱ አልኳቸው፤ አንድ ኪሎ ሲቀንስ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ ወደ አራት ኪሎ የሚጠጋ ጫና ይቀንሳል። እያጉረመረሙ አደረጉት። ዛሬም ያማቸዋል፤ ግን ደረጃ ይወጣሉ። ለዘመድ ግን እስከ ዛሬ «ልጄ ሐኪም ነው፣ ግን ሰነፍ ነው» ነው የሚሉት።

ጉልበቱ ድንገት የተቆለፈበት፣ በአደጋ የካርቲሌጅ ስባሪ ተፈንቅሎ መገጣጠሚያው ውስጥ የሚንከራተትበት ሰው ጉዳይ ሌላ ነው። እሱ አይዘግይ። ቶሎ ይምጣ።

አሁን ሦስተኛው። ከዚያ በኋላስ?

ስለ አንድ ወጣት ላውራችሁ። ሯጭ ነበር። የጭኑ አጥንት ጫፍ ላይ ትንሽ ጉድጓድ ስለነበረበት ማይክሮፍራክቸር ሠራሁለት። ጥሩ ወጣልኝ፤ እንደዚያ ያለ ቀን ሐኪም ለራሱ ያጨበጭባል። «ስድስት ሳምንት እግርህን አትርገጥበት» አልኩት። በሦስተኛው ሳምንት በሩን ከፍቶ ገባ። በእግሩ።

«ክራንችህስ?»

«መኪና ውስጥ ነው።»

«ለምን?»

ሱሪውን ወደ ላይ ሰበሰበ። «ቁስሉ እኮ ድኗል ዶክተር። ይዩት!»

አየሁት። እውነት ነው፣ ድኗል። ግራና ቀኝ ሁለት ነጥብ፤ የእርሳስ ጫፍ የነካው ይመስላል። የልጁ ዓይን የሚያየው ይህን ነው። ከውስጥ ያለውን ማን አሳይቶት? ከወራት በኋላ ጉልበቱ አብጦ ተመለሰ። ካሜራውን ደግመን አስገባን። ያ የረጋው፣ ሊበቅል የነበረው ነገር ተፍቆ ባዶ አጥንት ቀርቷል።

ያን ቀን በልጁ ተናድጄ ነበር። ማታ ቤቴ ሆኜ ሳስበው ግን የተናደድኩት በራሴ መሆን ነበረበት። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ምን ብዬው ነበር? «አይዞህ፣ ትንሽ ኦፕራሲዮን ናት። በሁለት ቀዳዳ ትጨርሳለህ።» እኔ ነኝ ትንሽ ናት ያልኩት! እሱ ያመነኝ ለዚህ ነው። ከዚያ ወዲህ «ትንሽ ኦፕራሲዮን» የሚለውን ቃል ከአፌ አውጥቼ ጥያለሁ። ትንሽ የሆነው ቀዳዳው ነው። ደም የማያገኘው ነገር ለመዳን የሚፈልገው ጊዜ አልቀነሰም። ቆዳው በሁለት ሳምንት ይድናል። ካርቲሌጁ የራሱ ቀን መቁጠሪያ አለው።

ቀን መቁጠሪያውን በግምት ልንገራችሁ፤ የእናንተን ትክክለኛ ቀን የሚነግራችሁ የሠራላችሁ ሐኪም ነው። ሜኒስከስ ትንሽ ከተቆረጠ በዚያው ቀን መርገጥ ይቻላል፤ ብዙው ሰው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ውስጥ ወደ ኑሮው ይመለሳል። ከተሰፋ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት በክራንችና በድጋፍ፣ ስፖርት ደግሞ ከአራት እስከ ስድስት ወር። ማይክሮፍራክቸር ከሆነ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ክራንች፣ ሩጫ ከብዙ ወራት በኋላ። ሕዋስ ከተተከለ ዓመት ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ።

ፊዚዮቴራፒ ደግሞ የምርቃት ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። የእኔ ጭን በአንድ ወር ውስጥ ከሌላው በ3 ሴንቲ ሜትር ቀጥኖ ነበር፤ በሜትር ለክቼዋለሁ። ያን ለመመለስ የወሰደብኝ ጊዜ ከቀዶ ሕክምናው የበለጠ አሰልችቶኛል። ግድግዳ ተደግፌ እግሬን ሳነሳ ልጄ ከጎኔ ሆና ትቆጥርልኛለች። ስታዝንልኝ ቁጥር ትዘላለች። «አትዝለዪ» እላታለሁ።

ቀዳዳው ትንሽ ቢሆንም አደጋ የለውም ማለት አይደለም። ኢንፌክሽን ከመቶ ሰው አንድ እንኳ አይሞላም፤ ግን አለ። ባታችሁ ካበጠና ካመማችሁ፣ ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ጉልበቱ ከቀላና ከጋለ ወይም ፈሳሽ ካወጣ ቀጠሮ አትጠብቁ። በዚያው ሰዓት ሂዱ። ትንፋሽ ማጠር ደግሞ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል፤ እሱን ለነገ የሚያሳድር የለም።

ሰዓቴን አለፍኩ መሰለኝ፤ አስተባባሪዋ እያየችኝ ነው። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። እናቴ፣ እርስዎን አይቻለሁ፤ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን አንተ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያለኸው። አዎ፣ አንተ። ወሬዬን ስጀምር ክራንቹ አጠገብህ ቆሞ ነበር። ስለ ሯጩ ሳወራ ወንበር ሥር አስገባኸው። አውጣው፣ አውጣው፤ እዚህ ማንም አይቆጣህም።

ስንተኛ ሳምንትህ ነው?